ድፋት ነው እንጂ ቅናት አይደለም

ሰንሰለት ቁልቁለት ላይ ያጥራል። ዳኛቸው ይህን ያወቀው ከወገዳ ተነሥተው ወደ ወንዙ መውረድ ሲጀምሩ ነው። ሜዳ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ብረቱ ይላላል፤ ገደል ላይ ግን አንዱ እግሩን ቀድሞ ካወረደ ሌላውን እጁን ይዞ ይጎትተዋል። ስለዚህ ጎኑን ለገደሉ ሰጥቶ፣ ጦሩን እየተመረኮዘ፣ ከኋላው የሚወርዱትን ሽማግሌ በየእርምጃው እየጠበቀ ነበር የሚሄደው።

«ቀስ ይበሉ» አለ።

«እኔማ ቀስ ብያለሁ ልጄ። ጉልበቴ ነው የቸኮለው» አሉ አባ ገብረ ኢየሱስ።

ከኋላቸው የዘበኞቹ አለቃ ገብሬ ነፍጡን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይከተላል። ዛሬ ብዙ አይናገርም። ዳኛቸውን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር፤ ገብሬ ወሬኛ ሰው ነው፣ ዝም ካለ ወሬውን ቀድሞ ለሌላ ሰው አድርሷል ማለት ነው።

አድርሷልም። ነገ ዓርብ፣ አርብ ገበያ በሚቆመው ሸንጎ፣ የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ ይሁኔ ዳኛቸውን በመስቀል አስምለው ይጠይቁታል፤ ከዚህ ከካቶሊኩ ቄስ ጋር አብረህ ዘምረሃል ወይስ አልዘመርህም? ከተወገዘ ሰው ጋር አንድ ጸሎት የጸለየ እንደ እሱው የተወገዘ ነው። የተወገዘ ወታደር ደግሞ መሬት አይኖረውም። ዳኛቸው ያለችው መሬት አንዲት ናት፣ የሰጡትም ፊታውራሪው ናቸው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ሚስቱ ዘነበች ከማን ጋር እንደምትወቃው ሳታውቅ ክምሩን ከሰው ከብት እየጠበቀች ነው።

ዳኛቸው ሲፈራ ይርበዋል። ሌላው ሰው ሲፈራ እህል አልወርድ ይለዋል፤ የእሱ ሆድ ግን ይጮሃል። ወሩ ታኅሣሥ፣ ጾሙ የነቢያት ጾም ነው፤ እህል የሚቀመሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ደግሞ ገና ከተራራው ጀርባ አልወጣችም።

አባ ገብረ ኢየሱስ አንድ ድንጋይ ላይ ቆሙና አማተቡ። ሲያማትቡ የዳኛቸው ግራ እጅ አብሮ ተነሣ፤ ወደ ግንባራቸው ሄደ፣ ወደ ደረታቸው ወረደ፣ ወዲያና ወዲህ አለ። የታሰረው የእሳቸው ቀኝ ከእሱ ግራ ጋር ነው። ከኅዳር ማለቂያ ጀምሮ ዳኛቸው ሳይወድ በግዱ በካቶሊክ ግንባር ላይ ሲያማትብ ከርሟል። መጀመሪያ ሰሞን እጁን ያደነድን ነበር። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ መስቀሉን አሳጥረው ደረታቸው ላይ ብቻ ማማተብ ጀመሩ። በዚያ አፈረና እጁን ለቀቀላቸው። «አባ» ብሎ ግን አልጠራቸውም። እሱን አሻፈረኝ ብሏል።

ይህ አተሳሰር ቁራኛ ይባላል። እስረኛና ጠባቂ አንድ ብረት ይካፈላሉ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ሲያስለው ሌላው ይነቃል። ቁልፉ በዳኛቸው አንገት፣ ከማተቡ ጎን በክር ተንጠልጥሏል። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በነገሡ ማግስት የሮምን ሃይማኖት የያዘ ቄስ ሁሉ ተይዞ ይቅረብ የሚል አዋጅ ከጎንደር ሲደርስ፣ አባ ገብረ ኢየሱስ እስቴ ውስጥ በአንድ ገበሬ ጓዳ ሲያቆርቡ ተያዙ። በወጣትነታቸው ድጓ የተማሩ፣ ኋላ ወደ ትግራይ ተሻግረው ከካቶሊኮቹ ጋር የተቀላቀሉ፣ አርጅተው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ፊታውራሪ ይሁኔ ከወታደሮቻቸው ሁሉ ዳኛቸውን መርጠው አቆራኟቸው።

«ይህ ልጅ ቤተ ልሔም ተምሯል» አሉ በሰው ፊት። «ጆሮው ዜማ ያውቃል። መናፍቅ አያታልለውም።»

እውነትም ተምሯል። ከቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር ከመሪጌታ ዋሴ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ድጓውን እኩሌታ አድርሶ ነበር። አባቱ ሞተው የእናቱን ማሳ የሚያርስ ሲታጣ ነው ትምህርቱን ጥሎ የወጣው። ድጓ ግን ጥለውት ቢሄዱም ተከትሎ ይመጣል። ሲያርስ በሬውን በዜማ ይገስጻል፤ ዘብ ሲቆም በጦሩ ጫፍ መሬት ላይ የዜማ ምልክት ይጭራል። ፊታውራሪው ያልገባቸው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይታለል ይሆናል፤ ዝም ብሎ መስማት ግን አይሆንለትም።

ከተቆራኙ ጥቂት ቆይቶ የስብከት እሑድ ደረሰ። ከልደት በፊት ካሉት የዝግጅት ሳምንታት የመጀመሪያው ነው፤ ከእሱ ብርሃን፣ ከብርሃን ኖላዊ ይከተላል። ዳኛቸው ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደማይችል ገባው። ከመናፍቅ ጋር ተቆራኝቶ ደጀ ሰላም አይረገጥም። ጎሕ ሲቀድ ከወገዳው እስር ቤት ደጃፍ ወጥተው አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። ከኮረብታው ቤተ ክርስቲያን ዜማው በነፋስ ተቆራርጦ ይመጣል፤ አንድ ቃል ይደርሳል፣ ሁለቱ ይጠፋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ስብከት አምልጦት አያውቅም። ሆድ ባሰው።

ያን ጊዜ አባ ገብረ ኢየሱስ ነፋሱ የበላውን እየሞሉ ማዜም ጀመሩ። ድምፃቸው አርጅቷል እንጂ አልተሰበረም። ዳኛቸው ከዚህ ሰው አፍ አንድ የፈረንጅ ነገር ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ ነበር። የወጣው ግን ቤተ ልሔም ጭቃ ላይ ተቀምጦ ያጠናው፣ ነቢያት ይመጣል ብለው የጠበቁትን እኛም እንጠብቀው የሚለው የራሱ ዜማ ነው። ደነገጠ። ጥርሱን ነክሶ አዳመጠ። ሽማግሌው «ይመጽእ» ከምትለው ቃል ደረሱ፤ ይመጣል ማለት ናት። እዚያ ላይ ድምፃቸውን ወደ ላይ አነሡት።

«ድፋት ነው እንጂ ቅናት አይደለም!» አለ ዳኛቸው።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ድፋት ድምፅ የሚወርድበት ምልክት ነው፣ ቅናት የሚወጣበት። ቤተ ልሔም ውስጥ ይህችን ቃል ያነሣ ተማሪ የመሪጌታ ዋሴን መቋሚያ ትከሻው ላይ ያገኛታል።

አባ ገብረ ኢየሱስ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ፊታቸው በራ።

«የቤተ ልሔም ሰው ነህ ለካ! እኔ የተማርሁት በአጫብር ስልት ነው። እኛ ቤት ይነሣል። እናንተ ቤት እንዴት ነው የምታወርዱት?»

«እንዴትማ…» አለና ዳኛቸው አወረደው።

ቃሉን ከነርክርኩ፣ ድምፁን እያርገበገበ፣ ሙሉውን አለው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ደገሙት፤ አልሆነላቸውም። እንደገና አሳያቸው። በሦስተኛው ሁለቱም አንድ ላይ፣ ልክ እንደሚገባው፣ አወረዱት። ዳኛቸው ደስ ብሎት ቀና ሲል ገብሬ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ያያቸዋል።

ሰው ገድሎ ቢያዝ ይህን ያህል አይደነግጥም ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ አፉን ለጎመ። ሽማግሌው ግን በየማለዳው አዜሙ፤ «ይመጽእ» ላይ ሲደርሱም ሁልጊዜ ያወርዱታል።

«ለምን በእኛ ስልት ይላሉ?» አላቸው አንድ ቀን፣ ተቆጥቶ።

«በእናንተ አገር ነዋ የታሰርሁት። የሰው ቤት ገብቼ በራሴ ልማድ ልቀመጥ?»

በብርሃን ሳምንት ሌላ ነገር አስተዋለ። የሽማግሌው የእኅት ልጅ ላቀች ስንቅ ታመጣ ነበር፤ ቆሎና የተቀቀለ ሽምብራ። ስንቁን ሰጥታ አትሄድም፤ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። በዚያችው ሰዓት አንድ አህያ ነጂ ያልፋል፤ ጭነቱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይፈታበታል። አንድ አዛውንትም አሉ፤ ዕለት በዕለት እሾህ የሚወጋቸው እዚያችው አጥር ሥር ነው። አባ ሲያዜሙ ላቀች እንዝርቷን ታቆማለች፣ አህያ ነጂው ገመዱን እንደያዘ ይቀራል፣ እሾህ የተወጉት ሰውዬ እግራቸውን ይረሱታል። ዜማው ሲያበቃ ሦስቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

«የእርስዎ ሰዎች ናቸው» አለ ዳኛቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። መዋሸት አልፈለጉም፤ ማጋለጥም አልፈለጉም።

«ለማንም አልናገር። ግን ምን ያደርግላቸዋል? ቅዳሴ የለ፣ ቁርባን የለ። ለዜማ ብለው አንገታቸውን ይሰጣሉ?»

«ቅዳሴ ስለሌለ እኮ ነው። ልደት ካህኑ ታሰረ ብሎ አይቀርም፤ ይመጣል። ሲመጣ ልባችንን ባዶ እንዳያገኘው ነው። ላቀች ያችን ቃል ይዛ እስቴ ትገባለች፤ ስትፈጭ ትላታለች፣ ውኃ ስትቀዳ ትላታለች። ከጎረቤቷ ተኳርፋ እንደሆነ፣ ይመጣል እያለች ማኩረፉ ያቅታታል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ስብከት ሲገባ የያዙኝን ሰዎች እያንዳንዳቸውን በልቤ እየጠራሁ እረግም ነበር። ስዘምር ስዘምር ስማቸው ጠፋብኝ።» ሳቅ አሉ። «ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቅ ይመረዋል ልጄ። እየዘመረ ሲጠብቅ ግን ሳያውቀው ይዘጋጃል።»

«ዜማው የእኛ ነው» አለ ዳኛቸው። ለምን እንደተናደደ አላወቀም።

«የእናንተ ነው። የእኔም ነው። ከጳጳሳችሁ ተለየሁ እንጂ ከልጅነቴ መቼ ተለየሁ?»

ዳኛቸውም የዘንድሮን ስብከትና ብርሃን የሰማው ከዚህ ሰው አፍ ብቻ መሆኑን እያሰበ ነበር።

ዛሬ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ገብሬ ዕረፍት ሰጠ። ውኃው በዚህ ወራት ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ሽማግሌው እግራቸውን ነከሩ፤ ዳኛቸው አብሯቸው ጎንበስ ማለት ግድ ሆነበት። ገብሬ ከጎኑ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ሽማግሌው እየሰሙት ነው፤ ግድም አልሰጠው።

«ስማኝ፤ እኔ አልጠላህም» አለ። «ያየሁትን ተናገርሁ። እኔ ባልናገር ሌላ ሰው እኔን ይናገርብኝ ነበር። ፊታውራሪው ግን ሊያጠፉህ አይሹም። ጠባቂው ራሱ ካደ ተብሎ ጎንደር ቢሰማ ለእሳቸውም ውርደት ነው። ነገ ይህ ሰው ያዜመው የእኛ አይደለም፣ ሕዝብ ሊያስትበት ያመጣው ባዕድ ነገር ነው ብለህ ትምላለህ፤ ከዚያ ቁልፉን ለእኔ ትሰጥና ወደ ገብስህ ትሄዳለህ።»

«እሳቸውስ?»

«ይገረፋሉ። ከዚያ ወደ ቆላ ይወርዳሉ።»

ቆላው ወባ ነው፣ ንዳድ ነው። በዚያ ዕድሜ ተገርፎ ወደ ንዳድ የወረደ ሰው አይመለስም። ይህን ሦስቱም ያውቁታል። ሽማግሌው እግራቸውን ከውኃው አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ ቀስ ብለው አደረቁት፤ የዳኛቸውም እጅ በሰንሰለቱ ተስቦ አብሮ አደረቀ።

«ባልምልስ?» አለ።

ገብሬ ነፍጡን አነሣና «እንሂድ፣ አቀበቱ ረጅም ነው» አለ።

አቀበቱን ሲወጡ ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ቆሙ። አንድ ቦታ ላይ፣ ገብሬ ራቅ እንዳለ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማልላቸው» አሉ። «ስለ እኔ ብለህ ቤትህን አታፍርስ። እኔ ምን ዕድሜ ቀርቶኝ ነው?»

«አይናገሩኝ!» አለ ዳኛቸው። የተቆጣው ያንኑ እያሰበ ስለነበር ነው።

ማታ ከአንድ ገበሬ ቤት አጠገብ፣ አውድማ ዳር አረፉ። በሬዎቹ ገና ከወቂያ መፈታታቸው ነው፤ አየሩ ገለባ ገለባ ይላል። ለዳኛቸው ዘነበች ታየችው፤ መንሽ ይዛ፣ ብቻዋን፣ ያን ሁሉ ክምር። የሰጡትን ጥሬ ሁሉ በላ፤ ረኀቡ አልለቀቀውም።

«ይፈራሉ እንዴ?» አላቸው ሽማግሌውን በድንገት።

«እፈራለሁ እንጂ። ግርፋት እፈራለሁ፤ ሕፃን ሳለሁም እፈራ ነበር። እየዘመርሁ ልቤን ለልደት ላዘጋጅ እላለሁ፤ ልቤ እሺ ይላል፣ ጉልበቴ እንቢ ይላል።»

ደፋር መናፍቅ ቢሆኑ ዳኛቸው ይቀለው ነበር። አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠ። ቢፈታቸውስ የት ይደርሳሉ በዚያ ጉልበት? ቁልፉን ለቀቀና ፊቱን ወደ ገለባው አዞረ።

ዓርብ ረፋድ ላይ አርብ ገበያ ገቡ። ገበያው ደርቷል፤ ተልባው፣ ሱፉ፣ ሽምብራው፣ የአህያው ጩኸት። ፊታውራሪ ይሁኔ በርኖሳቸውን ደርበው ከትልቁ ወይራ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው አንድ ቄስ መስቀል ይዘው ቆመዋል። በግራቸው መሪጌታ ዋሴ አሉ፤ ከቤተ ልሔም ተጠርተው የመጡ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸውን ወደ ሸንጎው አዘንብለዋል።

ዳኛቸው የኔታን ሲያይ ፊቱን ወደ ገበያተኛው አዞረ። ከሰው መካከል ደግሞ ላቀችን አያት፤ እንዝርቷን ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ አህያ ነጂው አለ። እሾህ የሚወጋቸው አዛውንትም ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው መጥተዋል።

«ገብሬ እንዲህ ይላል» አሉ ፊታውራሪው ድምፃቸውን ለገበያተኛው ከፍ አድርገው። «ይህ ወታደሬ ለእስረኛው የቤተ ልሔምን ዜማ አስተምሮታል፣ አብሮትም ዘምሯል። እንግዲህ እስረኛው ያዚም፤ መሪጌታ ይስሙ። የቤተ ልሔም ስልት ከሆነ ያስተማረው ማን እንደሆነ አይጠፋንም።»

ነገሩ ሁሉ ለዳኛቸው ገባው። የዳኛቸው ነገር በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያችን ቃል ደግሞ ሽማግሌው ከስብከት ወዲህ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ሲያወርዷት ነው የከረሙት። የለመደ አፍ አይመለስም። ሆዱ ጮኸ፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ሁሉ የሰማበት መሰለው።

አባ ገብረ ኢየሱስ አማተቡ። የዳኛቸው እጅ አብሮ ወጥቶ ወረደ፤ ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ ጀመሩ። ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ቀስ በቀስ ጸና። ቃሏ ቀረበች። ሽማግሌው «ይመጽእ» ላይ ሲደርሱ በአፍታ ቆሙ፤ ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ላይ አነሡት። በአጫብር ስልት፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

ለዳኛቸው ብለው ነው። ራሳቸው ላይ የሚመጣውን እያወቁ አነሡት።

«መሪጌታ፣ በእናንተ ቤት እንዲህ ይባላል?» አሉ ፊታውራሪው።

«በእኛ ቤት እንዲህ አይባልም ጌታዬ፤ ይህ እኮ የአጫ…»

«አይባልም። ሰማችሁ?»

«ጌታዬ፣ ቃሉ ግን…»

«ይበቃል የኔታ፣ ብያለሁ።» ፊታውራሪው እፎይ ያሉ መሰሉ፤ ነገሩ እንደፈለጉት እየሄደላቸው ነው። «እንግዲህ ዜማው የእኛ አይደለም። የእኛ ካልሆነም የእኛ ሰው አላስተማረውም። ዳኛቸው! ከዚህ ሰው አፍ የሰማኸው አሁን የሰማነውን ነው? መስቀሉን ይዘህ ማልና ቁልፉን አስረክብ።»

ቄሱ መስቀሉን አቀረቡለት።

ሐሰት እንኳ አልነበረም። የስብከት ማለዳ ከሽማግሌው አፍ የሰማው ልክ ይህንኑ ነው። አዎ ብሎ ቢምል ቃል አልጨመረ፣ ቃል አልቀነሰ፤ ለልደት ከዘነበች ጋር ይሆናል። ሽማግሌውን አያቸው። መሬት መሬት ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ማል ነው የሚሉት።

ዳኛቸው ጀግና አልነበረም። ጀግና ቢሆን ያን ጊዜ ስለ እውነትና ስለ ፍርድ ንግግር ያደርግ ነበር። ለመማል አፉን ከፈተ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሊምል ነበር የከፈተው። ግን ያች ቃል ተነሥታ ጆሮው ውስጥ ቆማለች፤ ያነሣት ሰው ደግሞ ለእሱ ብሎ ነው ያነሣት። አልቻለም።

«ድፋት ነው እንጂ ቅናት አይደለም» አለ።

«ምን?» አሉ ፊታውራሪው።

«አባ ያነሡት ለእኔ ብለው ነው ጌታዬ።» አባ ማለቱን ልብ አላለውም። «ስብከት ዕለት አንሥተውት ነበር፤ አረምኋቸው። አብሬያቸውም አልሁት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ያወርዱታል። ዜማው የእኛው የስብከት ዜማ ነው። ባዕድ ነገር ከአፋቸው አልሰማሁም። እንዲህ ነበር የሚሉት…»

ሳያስበው አዜመው። ከመነሻው ጀምሮ መጣና «ይመጽእ» ላይ ሲደርስ አወረደው፤ ከነርክርኩ፣ ቤተ ልሔም በተማረው ልክ። ልክ እዚያች ቃል ላይ የመሪጌታ ዋሴ መቋሚያ መሬቱን አንዴ መታች። የኔታ ራሳቸው ደነገጡ፤ እጃቸው ነው እንጂ እሳቸው አልመቱም።

ገበያው ጸጥ አለ። ወቅቱ ኖላዊ ነው፣ ዜማውም ሰው ሁሉ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ የሰማው ነው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ወንዶቹ ነጠላቸውን አወረዱ። ላቀች ደፍታለች፣ አጠገቧ ያለችው ተልባ ሻጭም ደፍታለች፤ የትኛዋ ካቶሊክ እንደሆነች፣ የትኛዋ እንዳልሆነች ፊታውራሪ ይሁኔ ቢፈልጉ እንኳ ሊለዩ አይችሉም ነበር። ገበያውን በሙሉ ዞር ዞር ብለው አዩ። በዚህ ዜማ ሰው አስይዘው ቢገርፉ ይህን ሁሉ ሕዝብ መግረፍ ይሆንባቸዋል።

በርኖሳቸውን ሰበሰቡ።

«ግርፋቱ ይቅር» አሉ በመጨረሻ። «ቆላውም ይቅር። ከጎንደር ቃል እስኪመጣ አምባው ላይ ባለው እስር ቤት ይጠበቁ።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።»

ዳኛቸው ቁልፉን ከማተቡ ጎን ፈትቶ ለገብሬ ሰጠ። ግራ እጁንም እንዲፈታለት አቀረበ።

«አትፍታ» አሉ ፊታውራሪው። «ባለበት ይሁን። ያች መሬትም ወደ እኔ ትመለስ።»

ገብሬ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። ቀና ብሎ ዳኛቸውን አላየውም። ብረቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ያው ሰንሰለት፣ ያው ሁለት ሰው። ዳኛቸው ግን እጁ ከበደው፤ አሁን እሱም እስረኛ እንጂ ጠባቂ አይደለም።

ሰዉ ሲበተን ላቀች ስንቅ የምትሰጥ መስላ ቀረበች።

«ለዘነበች ማን ይንገርልኝ?» አላት።

«እኔ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። መሬቱን ቢወስዱም ያጨዳችሁት የእናንተ ነው።» ወደ አህያ ነጂው ዞር አለች። «እሱ በሬ አለው። ክምሩን እኛ እንወቃላታለን።»

አህያ ነጂው ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ ጭነቱን ማጥበቅ ጀመረ። ዳኛቸው ያን ጊዜ አለቀሰ። ሆዱ ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ነበር።

ሰንሰለት አቀበት ላይም ያጥራል። ወደ አምባው ሲወጡ አባ ገብረ ኢየሱስ ሰንሰለቱን ሳብ ሳብ እያደረጉ ሄዱ፤ ተቆጥተዋል።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?» አሉ በመጨረሻ። «ሚስት አለህ። አፍህን ይዘህ ብትቆም ኖሮ ዛሬ ቤትህ ነህ። ለአንተ ብዬ እኮ ነው ያነሣሁት!»

«አውቃለሁ አባ። ግን አይነሣማ።»

ሽማግሌው ቆሙ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዳኛቸው የሚያለቅሱ መስሎት ተጨነቀ፤ ቀና ብሎ ሲያያቸው ግን እየሳቁም ነው። በታሰረ እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የእሱም እጅ አብሮ ሄደና ፊታቸውን ነካ።

«ኖላዊ እያለቀ ነው» አሉ። «ልደት ሊመጣ ነው፤ እኔና አንተ ደግሞ ዛሬ አላዜምንም።»

ገብሬ ከኋላ ነፍጡን ከትከሻ ትከሻ ሲያዛውር ተሰማ፤ አልከለከላቸውም። አባ ገብረ ኢየሱስ መንገዱን እየወጡ ቀስ ብለው ጀመሩ። ቃሏ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉና ጠበቁ። ዳኛቸው አወረዳት።